ግማሹ እሱ ጋ፣ ግማሹ እኔ ጋ፦ ሁለት የድሬ ባቡር ሠራተኞች አንድ ሥራ ሲያስታውሱ

ጉዳዩ ቀላል ይመስል ነበር። አንድ የምህንድስና ተማሪ አያቱን “አባ፣ የባቡር ጎማ ላይ ያንን የብረት ቀለበት እንዴት ነበር የምትገጥሙት?” ብሎ ጠየቀ። አያቱ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል፣ ሰዉ አትሊዬ በሚለው ቦታ፣ በልጅነቱ ገብቶ ሸብቶ የወጣ ሰው ነው። ቀለበት መግጠም እንጀራው ነበር። መልሱ ግን “በእሳት ነዋ!” ብቻ ሆነ።

ልጁ ሌላ ቀንም ጠየቀ። አያቱ ወሬ አያጣም። ስለ ደመወዝ ቀን አወራ። ከጅቡቲ ስለሚመጣው ዓሣ አወራ። በአትሊዬው ሰው ሁሉ በቅጽል ስም ይጠራ እንደነበር፣ የአንዳንዱን እውነተኛ ስም ለቀብሩ ሲለፈፍ እንደሰማ አወራ። ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ግን ያው ነው። በመጨረሻ ልጁ እኔ ጋ ደወለ።

እኔ የአያቱ የወጣትነት ባልደረባ ነኝ። በ1970ዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጎማ ላይ ነው የሠራነው። ከድሬ ወጥቼ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ከገባሁ ቆይቷል። በስልክ የማውቀውን ነገርኩት። ልኬቱን አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። “እሳቱስ? ስንት ሰዓት ይሞቃል? መድረሱን በምን ታውቃላችሁ?” አለኝ። “እሱን አያትህን ጠይቅ” አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ያን ያህል ጊዜ አብሬው ሠርቼ የሥራውን ግማሽ ብቻ ነበር የማውቀው። እሱም እንደዚያው።

ከዚህ በታች የምተርከው ሁለታችን ድሬ ላይ ተገናኝተን ያንን አንድ ሥራ እንዴት መልሰን እንደገጣጠምነው ነው። የድሮ ጓደኞች ጨዋታ ሁሉ ጊዜ መግደያ ለሚመስለው ሰው ደህና ማስረጃ ይመስለኛል።

ሥራው ምን ነበር?

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው እምቢ አለ። በቆላው ታጥፎ በ1895 ድሬ ደረሰ፤ ከተማዋም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር፣ የሐዲዱ ስፋት ደግሞ 1 ሜትር።

መስመሩ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ኩርባ ይበዛዋል። ኩርባው የጎማውን ጠርዝ ይበላዋል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬኑ ጎማውን ያግለዋል። ባለቀ ቁጥር ሙሉውን ጎማ መጣል አያዋጣም። ለዚህ ነው የድሮው ባቡር ጎማ ሁለት ክፍል የነበረው፤ የውስጡ ጎማ፣ ከላዩም የሚለብሰው ወፍራም የብረት ቀለበት። ሐዲዱን የሚነካው ቀለበቱ ነው። ሲበላ ትልቁ የብረት መላጫ ማሽን፣ ቶርኖው ላይ ወጥቶ ይላጣል፣ ቅርጹ ተስተካክሎ ይመለሳል። እየሳሳ ሄዶ ሲያልቅ ይወልቅና አዲስ ይለብሳል።

ቡሎን የለውም። ብየዳም የለውም። ቀለበቱን ጨብጦ የሚይዘው ጥበቱ ነው። አንድ ማሰሪያ አለ፣ እሱ ላይ እመለሳለሁ። ቀለበቱ ውስጡ ሲላጥ ከሚገባበት ጎማ ወደ 1 ሚሊሜትር ያህል እንዲጠብ ተደርጎ ነው። ከዚያ ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ በሰፋበት ጎማው ይገባበታል፣ ሲቀዘቅዝ ይነክሰዋል።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል። የውስጥ ስፋቱ 80 ሳንቲሜትር የሆነ ቀለበት ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 2 ሚሊሜትር ይከፈታል። አንዱ ሚሊሜትር ለጥበቱ ይሄዳል። የቀረው አንድ ሚሊሜትር ነው የመግቢያ ቦታው፣ በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ። አንድ ጎን ብቻ ከሞቀ ቀለበቱ ሞላላ ይሆንና ጎማው መሃል መንገድ ላይ ይያዛል። ያን ጊዜ ወደላይ የለ፣ ወደታች የለ። የሚሰማው የአለቃችን፣ የሼፉ ድምፅ ብቻ ነው።

እንግዲህ እኔ ሚሊሜትሩን ነበር የምይዘው። ሰነዱ በፈረንሳይኛ ስለነበረና እኔ ቁጥሩን ማንበብ ስለምችል መለኪያው መሣሪያ፣ ካሊብሮው፣ እኔ እጅ ገባ። ጓደኛዬ እሳቱን ያዘ። ለምን እሱ እንደሆነ አላውቅም፤ እሳት የሚፈራ ሰው አልነበረም። ሁለታችንም ገና ጺም በደንብ አላበቀልንም።

ክፍፍሉ የሚገለበጠው በረመዳን ነበር። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። በዚያ ዘመን ረመዳን ሰኔ አካባቢ ይውል ነበር፤ ድሬ የምትጋገርበት ጊዜ። በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይቀምሱ እሳት ዳር መዋል ቀልድ አይደለም። ጾሙ ሲገባ እኔ ወደ እሳቱ እሄዳለሁ፣ እሱ ካሊብሮውን ይረከባል። ስቅለት ሲመጣ ደግሞ እሱ ለኔ ይሸፍናል። ማንም አላዘዘንም፤ ሼፉም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ይህን እዚህ ያነሳሁት ስለ መቻቻል ለመስበክ አይደለም። በኋላ ለተነሳው ክርክር መልሱ እዚያ ውስጥ ስለተገኘ ነው።

ገንደ ቆሬ፣ ከምሳ በኋላ

የተገናኘነው እሱ ቤት፣ ገንደ ቆሬ ነው። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ሻሂ በቴርሞስ ቀርቧል። እሱ ጫቱን ይዟል፣ እኔ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ልጁ ስልኩን መቅጃ ላይ አድርጎ መሃላችን አስቀመጠ። እኔን “አንተ” ይለኛል፣ እንደ ድሬ ልጅ። አዲስ አበባ ያሳደግኳቸው ልጆቼ ቢሰሙት ይደነግጡ ነበር። እኔ ግን ቤቴ የገባሁ ያህል ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ማለቴ ወሬውማ ጎረፈ። ባቡሩ ላይ ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ወፍራም መስለው ስለሚሳፈሩት ነጋዴ ሴቶች ሳቅን። በ1969 ክረምት ጦርነቱ ድሬ ደጃፍ ሲደርስ እሱ የት እንደተደበቀ፣ እኔ የት እንደነበርኩ ተነጋገርን። በኋላ ሐዲዱ ተጠግኖ ባቡሩ ሲጮህ ሕዝቡ ከቤት እንዴት እንደወጣ ተጨዋወትን። ልጁ በትዕግስት ጠበቀ። “እሺ፣ ቀለበቱስ?” ሲል ሁለታችንም አንድ ላይ “በእሳት” አልን። ተሳሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም።

ከቦርሳው አንድ ነገር አወጣ። ከተማ ቶርኖ ቤት ያስላጠው ትንሽ የብረት ቀለበት ነው፣ የመዳፍ ስፋት ያለው። ፊታችን አስቀመጠው።

ጓደኛዬ አነሳው። አውራ ጣቱን ውስጡ አስገብቶ አዞረው። ጣቱን አየ። “ይሄን የላጠው ልጅ ዘይቱን አልጠረገም” አለ።

“ምን ችግር አለው?” አለ ልጁ።

“ምን ችግር አለው ይላል እንዴ! ዘይት ካለ መልኩን በምን ታያለህ? ያጨስብሃል፣ ያጠቁርብሃል። ነጭ መሆን አለበት ውስጡ። አልኮል አምጣ፣ ጨርቅ አምጣ።”

ልጁ ወደኔ ዞረ። እኔም ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ስለየትኛው መልክ እንደሚያወራ አላወቅኩም ነበር።

ፈርኔሎ አስመጣ። ከሰሉ እስኪፋፋም ጠበቀ። ቀለበቱን ጠርጎ በፒንሳ ይዞ ከፍሙ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያዞረው ጀመር። አንድ ቦታ ላይ አያቆመውም፤ እጁ ራሱ ያውቃል። ለረጅም ጊዜ ምንም አልታየም። ከዚያ በአንድ በኩል ውስጡ የነበረው ነጭ ብረት ቢጫ ማለት ጀመረ። ወዲያው ያንን ጎን ከፍሙ አራቀና ሌላውን አቀረበ። ቢጫው ቀስ ብሎ ዙሪያውን ሞላ።

“ማር!” አለ። “ማር ሲሆን ነው። አሁን ጎማውን አውርድ። አሁን! አትቆይ!”

ሆን ብሎ ትንሽ አቆየው። ቢጫው ወደ ቡናማ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። “ይሄ አልፎበታል” አለና ሲሚንቶው ላይ ጣለው። “ሰማያዊ ካየህ ሼፉ ካንተ ቀድሞ አይቶታል።”

ልጁ ስልኩን ከፍቶ ፈለገ። የጸዳ ብረት እንዲህ ቢጫ የሚይዘው ከ220 እስከ 230 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሰማያዊው ደግሞ ወደ 300 ሲጠጋ ነው። እኔ የሰጠሁት ስሌት ምን ነበር? 200 ዲግሪ ጭማሪ። ድሬ ጥላ ውስጥ 30 ዲግሪ ብትሆን 230 ይመጣል። ልክ ማሩ ጋ። ጓደኛዬ ቁጥሩን በሕይወቱ ሰምቶት አያውቅም። እኔ ማሩን አይቼው አላውቅም። እኔ ካሊብሮዬን ይዤ ውስጡ ጎማ ጋ ነበርኩ፤ እሱ እሳቱ ጋ ነበር። ሁለታችንም አንድ ነገር ነበር የምንጠብቀው።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመን ጠፋ።

ዘንጉና ውሃው

ክርክር አልቀረም። ደግሞም ጥሩው ነገር የወጣው ከክርክሩ ነው።

እኔ ከእሳቱ ጋ ዘንግ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከቀለበቱ ቀዝቃዛ ስፋት 2 ሚሊሜትር የሚረዝም ቀጭን የብረት ዘንግ። ቀለበቱ ሲሞቅ ዘንጉን ውስጡ ታጋድመዋለህ። ካልገባ ገና ነው፤ ያለ ግፊት ካለፈ ደርሷል። በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ እጄ ላይ ያለ ነገር ነው።

“አቦ ምን ዘንግ ነው የምታወራው?” አለ ጓደኛዬ። “ዘንግ አልነበረም። ወላሂ ዘንግ ይዤ አላውቅም።”

“ነበረ!”

“አልነበረም!”

ልጁ ነው የፈታው። “አንተ እሳቱን የምትይዘው መቼ መቼ ነበር?” አለኝ። በረመዳን። ዘንጉ የረመዳን ነበር። መልክ አይቶ መለየት የማያውቅ የካሊብሮ ሰው እሳቱ ጋ ሲመደብ ልኬቱን ይዞ ሄደ። እኔው ነኝ የቆረጥኩት። ጓደኛዬ በሌላው ወር ሁሉ በዓይኑ ስለሚሠራ ዘንጉን አላየውም፤ በረመዳን ደግሞ እሱ እኔ ቦታ ላይ ነበር። ልጁ ሁለቱንም ጻፈ። እኔ እንደሚመስለኝ ለጀማሪ ዘንጉ ይሻላል። ዓይን ለማሠልጠን ብዙ ቀለበት ማበላሸት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ክርክር ውሃው ነው። ጎማው ከገባ በኋላ ውሃ እንደሚደፋ አስታውሳለሁ አልኩ። በርሜል ነበር፣ ጣሳ ነበር፣ ውሃ ሲፈስና እንፋሎት ሲነሳ ይታየኛል። ጓደኛዬ ሻሂው ትን እስኪለው ሳቀ።

“አንተ ሰውዬ! ውሃው ለኛ ነበር እኮ! ራሳችን ላይ ነበር የምንደፋው! ቀለበቱ ላይ ብትደፋበት ባንድ በኩል ይኮማተራል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። በራሱ ጊዜ ነው የሚቀዘቅዘው። ነፋስ እንኳ እንዳይመታው በር እንዘጋ ነበር።”

በር መዘጋቱን ሲናገር የዚያ ሙቀት መጣብኝ። ልክ ነበር። ውሃው እንፋሎት ያወጣው ወለሉ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ከጥናት የሰማሁትን ልጨምር። ሰው በሸመገለ ጊዜ አብዝቶ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ ያለፈበትን ነው፤ ይህ በብዙ ጥናት የታየ ነገር ነው። ሥራ የጀመርንበት ዕድሜ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ሌላው ገራሚው ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች አንድን ነገር ተሰብስበው ሲያስታውሱ ለየብቻ ካስታወሱት ድምር ያነሰ ነው የሚወጣው። አንዱ የሌላውን ሐሳብ ይቆርጣል። አብረው የኖሩ ሰዎች ግን አንዳንድ ጊዜ የተሻለ ያደርጋሉ፣ ምክንያቱም ማን ምን እንደሚይዝ ቀድሞ ተከፋፍለዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዳንኤል ዌግነር በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ያነሳው ሐሳብ ነው። ባልና ሚስት ላይ ሲያዩት የቆዩት ነገር አንድ ቀለበት ያለበሱ ሁለት ጎረምሶች ላይ ቢሠራ አይገርምም።

መዶሻው

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቀን ከዚራ ሰፈር ያለው አትሊዬ ገባን። ስለ ቦታው ብዙ አልልም፤ ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶታል። ቶርኖዎቹ ቆመዋል። አሮጌው መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ የቆመው በ2000 ገደማ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ሐዲድ ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲሜትር። የድሬ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የዛሬ ባቡር ጎማ ባብዛኛው አንድ ወጥ ስለሆነ ቀለበት አያለብሱትም።

እኛ የሄድነው ለመዶሻው ነው። ልጁ “ቀለበቱ ጠብቆ መያዙን በምን ታውቃላችሁ?” ብሎ ጠይቆን ነበር። ይህን ጥያቄ ሁለታችንም እንችለዋለን ብለን አሰብን። ግን በቃል አልሆን አለን። ጓደኛዬ በአፉ ድምፁን ሊያወጣው ሞከረ። ልጁ ምንም አልገባውም።

ግቢው ውስጥ የቆሙ ጎማዎች አሉ። ጓደኛዬ ትንሽ መዶሻ ይዞ መጥቷል። አንዱን ቀለበቱ ላይ መታው። ድምፁ ጠራ ብሎ ወጣ፣ ትንሽም ቆየ። ቀጥሎ ሌላውን መታ። ይሄኛው ድፍን ነው፣ ተመቶ እዚያው ቀረ። ልጁ ዓይኑን አፈጠጠ። “ሰማኸው?” አለው አያቱ።

እሱ ግን መስማቱን እንጃ። ጆሮው ከደከመ ቆይቷል። መዶሻውን ለኔ ሰጠኝና መዳፉን ጎማው ላይ አሳረፈ። “አንተ ምታና ስማ፣ እኔ ልንካው” አለኝ። መታሁ። “ጤነኛ” አለ። ወደሚቀጥለው ሄድን። መታሁ። ገና ድምፁ ጆሮዬ ሳይደርስ “ላልቷል” አለ። እያንዳንዱን ጎማ እንዲህ ሄድን። አንድም ቦታ አልተለያየንም። ልጁ አንዱን ለራሱ እንዲሞክር ሰጠነው፤ የመጀመሪያውን ሳተ፣ ከዚያ ያዘው።

እዚያው ቆመን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ያለ ጎማው ፈጽሞ የማይመጣ። ቀለሙ። ጎማው ከገባና ከቀዘቀዘ በኋላ ከውስጡ ጎማ ወደ ቀለበቱ የሚሻገር የቀለም መስመር አሰምርበት ነበር። መስመሩ ከተሰበረ፣ ማለትም የቀለበቱ ላይ ያለው ከጎማው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ቀለበቱ ዞሯል ማለት ነው። ረጅም ቁልቁለት የወረደ ባቡር ፍሬኑ ቀለበቱን አግሎ ሊያላላው ይችላል፤ ፍተሻው ለዚያ ነው። አንድ አሮጌ ጎማ ላይ የደበዘዘ ነጭ ጭረት አገኘን። የኔ ነው አልልም። ከኔ በኋላም ብዙ ሰው ቀብቷል።

ያልተወራው

ልጁ የጠየቀውን ሁሉ አልመለስንም። ስለ ጥር 5 ቀን 1977 ጠየቀን። እሑድ ቀን ነበር። አዋሽ ድልድይ አጠገብ፣ ኩርባ ላይ፣ መንገደኛ የጫነ ባቡር ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበት። ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነት አልቀነሰም ነው የተባለው። ድሬ ውስጥ ያን ሳምንት ያላለቀሰ ቤት አላስታውስም።

ጓደኛዬ ሻሂ ቀዳ። “ሌላ ጠይቅ” አለ። እኔም አልጨመርኩም። ልጁ ገባውና አለፈው። ጎበዝ ልጅ ነው። ሥራ ለማስታወስ የተሰበሰበ ሰው ሐዘኑን የመተው መብት አለው። ያንን መቅዳት የሚፈልግ በሌላ ቀን፣ በሌላ መንገድ ይምጣ።

የተዋበም ነገር አለ። ሼፉን እንደ አባት ነው ያወራንለት፤ ይቆጣል እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው፣ ምናምን። በጊዜው ያወጣንለትን ስም እዚህ ብጽፈው አሳፍራለሁ። ሙቀቱን “ያኔ እኮ ብርታት ነበረን” ብለን አለፍነው። አልነበረንም። ሁለታችንም ከእሳቱ ዳር ወጥተን ጥላ ሥር ተዘርረን የቀረንበት ቀን አለ። እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ የድሮ ጓደኞች ስለ ስሜታቸው የሚሉትን በጥርጣሬ ስሙ፤ ስለ እጃቸው ሲያወሩ ግን አድምጡ። የእጅ ነገር ይፈተናል። ፈርኔሎው ላይ ወጥቶ ማር ሆነ፣ አልሆነም፣ ይታያል። የሼፉን ልብ የምናወጣበት ፈርኔሎ የለም።

ልጁ ይህን ሁሉ ለምን ፈለገው? የባቡር ናፍቆት የለበትም። ሲወለድ ያ ባቡር ወደ ማብቂያው ነበር። ትምህርት ቤት በሙቀት ስለማለባበስ ይማራሉ፤ ሒሳቡን ያውቀዋል። የጎደለው እጁ ነበር። ደግሞም ሥራው አልሞተም። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ከገባሁ በኋላ የሞተር ቮላኖ (ሞተሩ ላይ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ጥርስ የምንቀይረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጥርስ ያለውን ቀለበት አሙቀን ቮላኖው ላይ እናወርደዋለን። ኩሽኔታም በሙቀት ይገባል። ከድሬ ይዤው የመጣሁት ሙያ ነው፣ ግን እሳቱን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር የሚይዝልኝ። ይህንንም ያስተዋልኩት አሁን ነው።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር መቅዳት ከፈለገ ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ትንሽ ነው። “ያኔ እንዴት ነበር?” ተብሎ ሲጠየቅ ማንም ሰው የሚናገረው የለመደውን ወሬ ነው። ዕቃውን እጁ ላይ አስቀምጡለት። አብሮት የሠራውን ሰው አምጡለት፤ አለቃውን ሳይሆን ከጎኑ የቆመውን። ሲጣሉ አትገላግሉ። ቦታው ካለ ውሰዷቸው። መቅጃውን ቀድማችሁ ክፈቱ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ከሻሂው ጋር ነው የሚመጣው።

የቀረው

ሰነዱ አላለቀም። ማሰሪያው ቀርቷል። ቀለበቱ ከጎማው ላይ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት፣ ከጥበቱ ሌላ፣ በጎኑ ባለው ቦይ ውስጥ የሚገባና በመዶሻ የሚቆለፍ ጠፍጣፋ የብረት ማሰሪያ አለ። ቀለበቱ ገና ትኩስ ሳለ ነው የሚገባው? ወይስ ከቀዘቀዘ በኋላ? ጓደኛዬ ትኩስ ሳለ ይላል። እኔ አላውቅም እላለሁ። ቦዩን የላጥኩት እኔ ነኝ፣ ስፋቱንም አስታውሳለሁ። ማሰሪያው ሲገባ ግን ወደሚቀጥለው ጎማ ሄጄ ነበር። ጓደኛዬም እሳቱን እየሰበሰበ ነበር።

የሚያስገባው ሌላ ሰው ነው። ሦስተኛው። ሁለታችንም ስናወራ ስሙን አላነሳነውም ነበር፤ ማሰሪያው ጋ ስንደርስ ነው ድንገት ቆሞ ያየነው። ጅቡቲ ልጁ ጋ እንደሚኖር ጓደኛዬ ከሰው ሰምቷል። ስልኩ ተገኘ። አርብ ከጁምዓ በኋላ እንድንደውል ተስማማን። ልጁ ጥያቄዎቹን በተርታ ጽፎ ለአያቱ አነበበለት።

አያቱ ሰምቶ ወረቀቱን መለሰለት። “እንዲህ አትጠይቀው” አለ። “‘ማሰሪያው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው አይደል የሚገባው?’ በለው። ተሳስተህ ንገረው። ያ ሰውዬ ስህተት ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም።”